መምህራኑን ሳታውቁ ልጃችሁን አታስመዝግቡ

ሱዳን፣ ከሰላ ውስጥ የአገሬ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የሚያነሣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «መምህርት፣ ልጄን የት ኮሌጅ ላስገባት?» ይለኛል። ስልኩን አውጥቶም ፎቶ ያሳየኛል፤ አንዱ ኮሌጅ አዲስ አበባ፣ ሌላው ካምፓላ፣ ሌላው ፖርት ሱዳን። የሕንፃው ፊት ለፊት አለ፤ የኮምፒውተር ክፍሉ አለ፤ ጥቁር ካባ ለብሰው ቆባቸውን ወደ ላይ የወረወሩ ተመራቂዎች አሉ፤ ከሥር ክፍያውና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ተጽፏል። መምህራኑ የሉም። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «የሚያስተምሯት እነማን ናቸው? አንዳቸውን እንኳ አግኝታችኋል?» ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አንዳንዶቹም፣ «እሱን እንኳ ገብታ ትደርስበታለች» ይሉኛል።

ገብታ የምትደርስበት ነገር አይደለም። ከመግባቷ በፊት መታወቅ ያለበት የመጀመሪያው ጉዳይ እሱ ነው። በተለይ እንደኛ ድንበር ላይ ለሚኖር፣ በየጦርነቱ ወረቀቱ ለሚጠፋበት ሰው፣ ተማሪውን በስሙና በሥራው የሚያውቅ መምህር ማኅተም ካረፈበት ወረቀት በላይ ዋስትና ነው። ይህን የምለው በአንዲት ትንሽ የክርስቲያን ኮሌጅ ተምሬ፣ መምህራኗን ቀርቤ አውቄ፣ ኋላም ጦርነት ሕንፃዋን ሲነጥቃት ምን እንደተረፈ ስላየሁ ነው። ዓመቶቹንና ቀኖቹን እዚህ ሱዳን እንደምንቆጥረው በአውሮፓውያኑ አስቀምጣለሁ።

የተወለድኩት ገዳሪፍ ነው። ወላጆቼ የሑመራ ሰዎች ናቸው። በ1977 የደርግ ተቃዋሚ የነበረው ኢዲዩ ሑመራን ይዞ ደርግ መልሶ ሲዋጋ፣ እንደ ብዙ ሰው የሰሊጡን እርሻ ጥለው፣ ሰቲትን ተሻግረው በሐምዳይት በኩል ሱዳን ገቡ። አባቴ እዚህም የሰሊጥ እርሻ ቀን ሠራተኛ ሆነ። እናቴ የእህል ገበያው አጠገብ ራኩባ የምንለውን ዳስ ተክላ ቡና ታፈላ ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ስንወጣ ዐረብኛ፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ግእዝ፤ እንግሊዝኛ ግን ከትምህርት ቤት ብቻ የሚገኝ ነገር ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ትምህርታቸውን ወደ ዐረብኛ አዙረው ነበር። የስደተኛ ልጅ ደግሞ በስደተኛ መታወቂያው ገብቶ የሚማርበት ቦታ ብዙ አልነበረውም። በዚህ መካከል ካርቱም ስላለው የኮምቦኒ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሌጅ ሰማሁ።

ኮምቦኒ የሚለው ስም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ለሱዳን ሰው ግን በየቤቱ የሚታወቅ ስም ነው። ዳንኤል ኮምቦኒ ጣሊያናዊ ካህን ነበሩ፤ አፍሪካን የሚያድናት የራሷ ልጅ ነው የሚል ዕቅድ በ1864 አወጡ፤ የመካከለኛው አፍሪካ ጳጳስ ሆነው በ1881 ካርቱም ውስጥ በ50 ዓመታቸው ዐረፉ። እርሳቸው የመሠረቱት ማኅበር በ1929 ካርቱም መሐል ትምህርት ቤት ከፈተ። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ግብጹም፣ ሱዳናዊውም ልጁን እዚያ ላከ። ከተማሪው የሚበዛው ሙስሊም ነበር። የከፍተኛ ትምህርት ኮሌጁ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው፤ የተቋቋመው በ2001 ነው። እኔ ስገባ ገና ልጅ ኮሌጅ ነበር። ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው፤ በጥቂት ክፍሎች፣ በጥቂት መምህራን የቆመ።

ከገዳሪፍ ካርቱም በዋድ መደኒ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመንገዱ ላይ ኬላዎች አሉ፤ ለስደተኛ ደግሞ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ፣ ተስሪሕ የምንለው፣ ያስፈልጋል። በ1974 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛው ከተመደበበት ስፍራ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። እኔም ስመዘገብ ፈቃዴ ጊዜው ሊያልፍ ተቃርቦ ነበር። የመዘገቡኝ አዛውንት ጣሊያናዊ ካህን ናቸው። ከቅጹ ሌላ አንድ ወፍራም ደብተር ነበራቸው። በቅጹ ላይ ስሜን፣ ዜግነቴን፣ ውጤቴን ሞሉ። በደብተሩ ላይ ደግሞ ቤታችን ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ፣ የእናቴን ሥራ፣ ካርቱም ውስጥ ማን ጋር እንደማድር፣ ብታመም ማን እንደሚጠራ ጠየቁኝ። ሱዳን ውስጥ በጣም ረጅም ዘመን ስለኖሩ ዐረብኛቸው የገበያ ዐረብኛ ነበር። ጠይቀው ሲጨርሱ ደብተሩን ዘጉና ስለራሳቸው ይነግሩኝ ጀመር፤ ከየት መንደር እንደመጡ፣ አባታቸው ገበሬ እንደነበሩ፣ መጀመሪያ ሱዳን ሲገቡ ሙቀቱ ምን እንዳደረጋቸው። እኔ ስለሳቸው የማወቅ መብት ያለኝ ያህል አድርገው ነው የነገሩኝ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ነጭ፣ ያውም ካህን፣ ለአንዲት የቡና አፍይ ልጅ ራሱን ሲያስተዋውቅ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነበር።

ኮምፒውተር ያስተማሩን ኡስታዝ የኦምዱርማን ሰው፣ ሙስሊም ነበሩ። መብራት በየቀኑ ይጠፋል፤ በጠፋ ቁጥር ማሽኖቹ ይዘጋሉ። እሳቸው ግን ክፍሉን አያሰናብቱም። አንዳችንን ቆጣሪ፣ ሌላዋን ድምር፣ ሦስተኛውን የመጨረሻ ቁጥር አድርገው፣ ወረቀት አስይዘው ከሰሌዳው ፊት ያቆሙናል። ከዚያ የጻፉትን ፕሮግራም መስመር በመስመር በእኛ ላይ ያስኬዱታል። ቆጣሪው አንድ በጨመረ ቁጥር የያዘው ልጅ አሮጌውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን ይጽፋል። ስሕተት ያለበት መስመር ላይ ስንደርስ ሁላችንም ቆመን እንቀራለን፤ ማን ዘንድ እንደተበላሸ በዓይን ይታያል። ዛሬ ከሰላ ውስጥ በጄነሬተር ነዳጅ እጥረት ክፍሌ ሲጨልም እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ኡስታዝ ሌሎች ሁለት ቦታዎችም ያስተምሩ ነበር፤ እዚያ የተሻለ እንደሚከፈላቸው አልደበቁንም። «ታዲያ እዚህ ለምን ይመጣሉ?» ብሎ አንድ ልጅ ሲጠይቃቸው፣ እዚህ ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው ማታ ቤታቸው ሆነው ማወቅ ስለሚችሉ እንደሆነ ነገሩን። እዚያ የሚያርሙት የመለያ ቁጥር ነው፤ እዚህ የሚያርሙት ሰው ነው።

የእንግሊዝኛው መምህራችን ደቡብ ሱዳናዊ ነበሩ። ከሐጅ ዩሱፍ የተፈናቃዮች ሰፈር በአውቶቡስ እየተጋፉ ይመጣሉ፤ ሸሚዛቸው ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። የመጀመሪያው የጽሑፍ ሥራችን ያደግንበትን ቤት በአንድ ገጽ መግለጽ ነበር። እኔ ስለ ራኩባው ጻፍኩ፤ ሐቡብ የምንለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ እናቴ ጀበናውን በነጠላዋ እንደምትሸፍነው፣ የሰሊጥ ነጋዴዎቹ በብድር ጠጥተው አዝመራ ሲገባ እንደሚከፍሉ። ገጼ ሲመለስልኝ በሰዋስው እርማት ተሞልቷል፤ ከሥሩ ደግሞ የብድሩን ሒሳብ እናቴ እንዴት እንደምትይዘው የሚጠይቅ መስመር ነበረው። እናቴ አትጽፍም፤ በቃሏ ነው የምትይዘው። ይህን ስጽፍላቸው ሁለተኛው ሥራዬ ሆነ። ሦስተኛውም ከዚያው ወጣ። እንግሊዝኛን የተማርኩት አንድ ሰው ስለ እናቴ የብድር ሒሳብ ከልቡ ማወቅ ስለፈለገ ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነጻ ስትወጣ እሳቸውም እንደ ብዙ ወገናቸው ዕቃቸውን ጭነው ወደ ጁባ ሄዱ። እኔ ተመርቄ ወጥቼ ነበር፤ ስሰማ ግን ኮሌጁ አንድ ግድግዳ የወደቀበት ያህል ተሰማኝ።

በቤተ መጻሕፍቱ ኤርትራዊት ሲስተር ነበሩ። የ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ቁርሾ በእኛ ተማሪዎች መካከል ገና አልጠገገም ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ የስደት መታወቂያ እየኖርን እንኳ ሐበሻው ለሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል። ሲስተር ስለ ሰላም ንግግር አላደረጉም። መጽሐፍ መዝግቦ በመደርደሪያ ማስቀመጥ የሚፈልግ ካለ ትንሽ ገንዘብ እንከፍላለን አሉና ሁለት ሁለት አድርገው መደቡን፤ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ። ለእኔ የደረሰችኝ የአስመራ ልጅ ናት። አባቷ እኛ «ድል» የምንለው ቦታ ላይ እንደሞቱ ከመጽሐፍ አቧራ ስናራግፍ ነገረችኝ። አሁን እንደ እህቴ ናት።

ሃይማኖትን በተመለከተ ወላጆች ስለሚጨነቁ ግልጽ ልሁን። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ማዕተቤን አስሬ ገብቼ ማዕተቤን አስሬ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያንሽን ተዪ ያለኝ የለም። ረፋድ ላይ ፉል በአንድ ትሪ ቀርቦ መምህሩም ተማሪውም አብሮ ሲቆርስ፣ ዓርብና ረቡዕ ለእኔ አይብ የሌለበት ጎን እንደሚቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። በረመዳን ደግሞ ካህናቱ ራሳቸው በጾመኞቹ ፊት አይበሉም። ኮሌጁ የክርስቲያን መሆኑን ከግድግዳው መስቀል ይልቅ ከመምህራኑ አኗኗር ነው የተረዳሁት። ይሄ ግን በየትም ቦታ በራሱ የሚመጣ አይደለም። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ መምህር ተማሪውን ቀርቦ ሲያውቅ ሊጫነውም፣ ሊያዳላለትም፣ ድኻነቱን አውቆ ሊንቀውም ይችላል። መምህራኑን አስቀድማችሁ እወቁ የምለው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ቅርበት በመልካም ሰው እጅ ሲሆን በረከት ነው፤ በክፉ ሰው እጅ ሲገባ ተማሪዋ የምትደበቅበት ብዛት የላትም።

እናቴ ይህን ሳትማር ታውቀው ነበር። አዛውንቱ ካህን ለፋሲካ ገዳሪፍ ወዳለው የካቶሊክ ምእመን ሲመጡ፣ ያን ወፍራም ደብተር አስታውሰው ወደ እህል ገበያው ወረዱና ራኩባዋን ጠይቀው አገኙ። በዱካ ላይ ተቀመጡ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጡ። እናቴ ሦስት ነገር ጠየቀቻቸው። ልጄ ትማራለች ወይስ ትዞራለች? ከማን ጋር ነው የምትውለው? ምን ይጎድላታል? ካህኑ አልዋሿትም። ሒሳብ ላይ ደካማ እንደሆንኩ፣ ከአስመራዋ ልጅ ጋር እንደምውል፣ የጎደለኝ መነጽር እንደሆነ ነገሯት። ሰሌዳው እንደማይታየኝ እኔ ራሴ አላወቅኩም ነበር። እናቴ የሰሊጡ ብድር ሲመለስላት መነጽሩን ገዛችልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ክፍያው አንድም ቀን ስታማርር አልሰማሁም፤ ገንዘቧ ወደ ማን እንደሚሄድ ታውቃለች።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የቆመው በዚህ ትውውቅ ላይ ነው። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከጎንጅ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ዋድላ የሚጓዘው ሕንፃ ፍለጋ አይደለም። ጎጆውን ራሱ ይሠራል፤ ምግቡን ራሱ ለምኖ ያመጣል። የሚፈልገው መምህሩን ነው። ከዓመታት በኋላ ተመርቆ ሲወጣም የሚጠየቀው ከማን እንደተማረ ነው፤ የመምህሩ ስም መታወቂያው ነው። መምህሩ ደግሞ ተማሪውን ቅኔ ሲዘርፍ ሰምቶታል፣ ሲራብ አይቶታል፣ ሲታመም አስታሞታል፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ይታመናል። ይህን ልማድ ይዘን ኖረን፣ ዘመናዊ ኮሌጅ ስንመርጥ ግን የሕንፃ ፎቶ እናያለን።

ዘመናዊው ትምህርታችንም ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። በ1950 አዲስ አበባ አራት ኪሎ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን የሚመራ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ሉሲየን ማት የዚሁ ማኅበር ካህን ነበሩ። በሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን ስብከት የተነሣውን የሃይማኖት ግጭት ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። አጼ ፋሲለደስ ካባረሯቸው ከ300 ዓመት በላይ አልፎ የተመለሱት፣ ቀሚሳቸውን አውልቀው በሙሉ ልብስና በከረባት፣ ሃይማኖት ላይሰብኩ ተስማምተው ነው። ኮሌጁ ትንሽ ነበር፤ ተማሪው መምህሩን፣ መምህሩም ተማሪውን ያውቃል። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬ ሸምግለው እንኳ ስለ ትምህርታቸው ሲናገሩ የሚያነሡት የመምህራኑን ስምና ጠባይ ነው። ማን ቁጡ እንደነበረ፣ ማን እንደሚያስቅ ያስታውሳሉ። በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ተቋሙ አደገ፤ ማደጉም ግድ ነበር። አገር በትንንሽ ኮሌጅ ብቻ አይገነባም። ነገር ግን ያ ትውውቅ በማደጉ ውስጥ ቀልጦ እንዲቀር የሚያስገድድ ሕግ የለም።

ትንሽ ኮሌጅ ጉድለት እንዳለውም አልክድም። የምፈልገው የትምህርት ዘርፍ ሁሉ አልነበረም። መጻሕፍቱ ያረጁ ነበሩ። አንድ መምህር ሲታመሙ ወይም የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ሲቀር ያ ትምህርት እስኪመለሱ ድረስ ይቆማል፤ የሱዳን መንግሥት ከ2012 በኋላ ለውጭ ሚስዮናውያን ፈቃድ ሲያጠብቅ ይህ ችግር ለብዙ የቤተ ክርስቲያን ተቋማት እውነተኛ ራስ ምታት ሆኗል።

ከዚያ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 መጣ፤ የሱዳን ጦርነት ተቀሰቀሰ። የካርቱም መሐል ከተማ የጦር ሜዳ ሆነ። በግንቦት ወር ኦምዱርማን ውስጥ የአህሊያ ዩኒቨርሲቲ የመሐመድ ዑመር በሽር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። በየዩኒቨርሲቲው መዛግብት ጠፉ፤ ኮምፒውተሮች ተዘረፉ። ከሰላና ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተሞሉ፤ የትምህርት ቤቶቻችን ክፍሎች የሰው መኝታ ሆኑ። ከሸሹት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በገላባት በኩል መተማ ሲገቡ፣ ሌሎቹ እዚሁ እኛ ዘንድ ቀሩ።

ማታ ማታ እንግሊዝኛና ኮምፒውተር ከማስተምራቸው መካከል ከካርቱም የመጡ ሁለት ልጆች አሉ፤ ሁለቱም የኛ አገር ልጆች፣ ሁለቱም ሦስተኛ ዓመት የደረሱ። አንደኛዋ የተማረችው ብዙ ሺህ ተማሪ ባለው ተቋም ነው። የውጤት ማስረጃዋ የለም፤ የተቋሙ ስልክ አይመልስም። «ከመምህራንሽ ለአንዱ ጻፊ» አልኳት። ስማቸውን ታውቃለች። እነሱ ግን አያውቋትም፤ ለነሱ በትልቅ አዳራሽ ከኋላ የተቀመጠች ቁጥር ነበረች። አንዱ ከሌላ አገር ሆነው በትሕትና መለሱላት፤ ሊረዷት እንደሚፈልጉ፣ ግን ማን እንደሆነች ማረጋገጥ እንደማይችሉ። ሁለተኛዋ በቤተ ክርስቲያን በሚተዳደር ትንሽ ተቋም ነበረች። እሷም ወረቀት የላትም። ለመምህሯ በዋትስአፕ ስትጽፍ መልሱ የመጣው በዚያው ምሽት ነው። የወሰደቻቸውን ትምህርቶች፣ የጥናት ሥራዋን ርዕስ፣ የደከመችበትን ሴሚስተርና የደከመችበትን ምክንያት ጭምር ዘርዝረው ጽፈውላታል። አባቷ የታሰሩበት ወቅት ነበር፤ መምህሯ ያስታውሱታል።

እኔ የተማርኩበት ኮሌጅም ሕንፃውን ካርቱም ትቶ ፖርት ሱዳን ላይ ተነሣ። ስፔናዊው ካህን አባ ሆርሄ ናራንሆ ይመሩት በነበረበት በዚያ ወቅት ትምህርቱ መጀመሪያ በኢንተርኔት፣ ኋላም በቀይ ባሕር ዳር በአካል ቀጠለ። ይህን ሳስብ አዝናለሁም፣ እኮራለሁም። በ1929 የተመሠረተው ግቢ ጥይት እየዘነበበት፣ ኮሌጁ ሌላ ከተማ ላይ ቆሞ ያስተምር ነበር፤ ምክንያቱም መምህራኑና ተማሪዎቹ ተፈላልገው ተገናኝተዋል። የሚተዋወቁ ሰዎች ይፈላለጋሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር አለኝ። መጀመሪያ የምጠይቀው የኢትዮጵያን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ነው። ከሱዳን የሚመለሱ ልጆቻችን የውጭ ትምህርታቸውን አቻነት ፍለጋ ወደዚያ ነው የሚሄዱት። ሰነዱ የተቃጠለበትን ተማሪ፣ ያስተማሩት መምህራን በሚሰጡት የጽሑፍ ምስክርነትና በፈተና መዝኖ የሚቀበል ግልጽ አሠራር ይኑር፤ መተማና ጎንደር ድረስም ይታወቅ። ይህ ከአየር የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ2014 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀውና በ2019 ሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች ስምምነት፣ ስደተኞችና ተፈናቃዮች ሰነድ ማቅረብ ባይችሉ እንኳ የሚመዘኑበት መንገድ እንዲበጅ ይላል። የአውሮፓ ምክር ቤት ከ2017 ጀምሮ ስደተኞችን በቃለ መጠይቅ እየመዘነ የትምህርት ፓስፖርት ይሰጣል። ዩኔስኮም ተመሳሳዩን በ2019 ዛምቢያ ውስጥ ሞክሮታል። በቃለ መጠይቅ ሊመዘን የሚችል ልጅ፣ ሦስት ዓመት ያስተማረው ሰው ሲመሰክርለት ይበልጥ አይታመንም?

ለኮሌጆች ደግሞ፣ በተለይ በአገር ቤት ላሉት ትንንሽ የቤተ ክርስቲያን ኮሌጆች፣ የምለው ይህ ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ የመምህራኑን ስም፣ የት እንደተማሩ፣ ምን እንደሚያስተምሩ፣ ከእናንተ ዘንድ ስንት ዓመት እንደቆዩ አውጡ። ከምዝገባ በፊት ወላጅና ተማሪ መጥቶ ከመምህራኑ ጋር ቡና የሚጠጣበት ቀን ይኑራችሁ። ተማሪ ሲበዛላችሁ መምህር ጨምሩ እንጂ የተቀረጸ ትምህርት በስልክ ልካችሁ አትገላገሉ። ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሕንፃ አትወዳደሩም፤ በላብራቶሪም አትወዳደሩም። እናንተ ያላችሁ፣ ትልቁ የሌለው፣ ተማሪውን በስሙ የሚጠራ መምህር ነው። እሱን ለቁጥር ብላችሁ ከሸጣችሁት ልጄን ወደ እናንተ የምልክበት ምክንያት አይኖርም።

ወላጆችም ሂዱና ጠይቁ። መንገዱ ቢርቅ ደውሉ። እናቴ የጠየቀቻቸው ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። መምህሩ ስለ ልጃችሁ ደካማ ጎን ደፍሮ የሚነግራችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ክፈሉ። ሁሉም ተማሪ ጎበዝ ነው የሚላችሁ ከሆነ ግን ልጃችሁን አላያትም።

በመጨረሻ በየአገሩ ለተበተናችሁ የካርቱም መምህራን፣ ካይሮም ሁኑ ጁባ፣ ካምፓላም ሁኑ አዲስ አበባ፤ ኢትዮጵያውያኑም፣ ሱዳናውያኑም። ሳትረሱ ዛሬ ወረቀት አውጡ። ያስተማራችኋቸውን ልጆች ሙሉ ስም፣ ትምህርቱን፣ ዓመቱን፣ የምታስታውሱትን ውጤትና የጥናት ሥራ ጻፉ፤ ፈርማችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ለልጆቹም ለሥራ ባልደረባችሁም ላኩ። እዚህ ከሰላ የውጤት ማስረጃ የሌላቸው ልጆች ዝርዝር እኔ ዘንድ አለ፤ እናንተ የምትጽፉትን ስም ከዚያ ጋር እያመሳከርን እንጀምራለን።